ጣቴ እስኪታጠፍ

ወደ ሱዳኗ ሀዋታ ለሰሊጥ አጨዳ ስንሄድ ነው ከመኪና ያወረዱኝ። አስከሪው፣ ወታደሩ ማለት ነው፣ መዳፌን ገልብጦ አየና፣ «ይሄ ጠባሳ የጥይት ነው፤ ታጣቂ ነህ» አለኝ። በአጨዳ እኔን የሚቀድም ሳሉግ፣ እንደኔ ያለ የእርሻ የቀን ሠራተኛ፣ የለም፣ ከማጭድ በቀር የያዝሁት ነገር የለም ብዬ ማልሁ። ገዳሪፍ ከተማ አምጥተው ቆለፉብኝ።

ክፍሉ ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ግድግዳውን ከነካኸው ይልጥሃል። አሥራ አንድ ሰው፣ አንድ ባልዲ። ከጎኔ አንድ የጎንደር ሽማግሌ ነበሩ፣ ሆስፒታል ቁስል ሲያሽጉ የኖሩ። አባባ እንላቸዋለን። መዳፌን አዩልኝ።

«ይሄ እንኳ የቀዶ ጥገና ነው። ጣትህ ታጥፎ ነበር?»

«ሁለቱ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ሰው ስጨብጥ የምቧጭረው ይመስለው ነበር።»

«አባትህስ?»

«የሱማ እንደ ዶሮ እግር ነው።»

ግራ እጄንም ዳበሱት። እዚያም ጠጠር የመሰለ ነገር አገኙ።

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃያ አራት።»

እጄን መለሱልኝ። «በሽታው ይመለሳል ልጄ። በወጣትነት ከጀመረ፣ ከአባት ከመጣ፣ ሁለቱንም እጅ ከያዘ፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።»

«ከኔ ጋር ሊታሰር?» ብዬ ሳቅሁ። ማታ ግን ግራ እጄን ደጋግሜ ዳበስሁ።

በነጋታው አባባ፣ ጀናቡ ለሚሉት ለእስር ቤቱ መኮንን ይህንኑ ነገሩልኝ። ጥይት አይደለም፣ በሽታ ነው፣ ተመልሶ ይመጣል አሉት።

«ጥሩ» አለ መኮንኑ። «ሲታጠፍ አይቼ እለቀዋለሁ። እስኪታጠፍ ይጠብቅ።»

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ መዳፌን ጠረጴዛው ላይ ያስዘረጋኛል። ለጥ ካለ ተመለስ ወደ ክፍሉ። የምፈራውን በሽታ ቶሎ ና እያልሁ መለመን ጀመርሁ።

«አጥፈህ አሳየው እንጂ፣ አንተ ሞኝ!» አለኝ አንዱ እስረኛ። «እናትህን እንኳ ስትዋሽ ነው ያደግኸው!»

እውነቱን ነው። በውሸት የሚስተካከለኝ የለም።

«እጠፋት» አሉኝ አባባም ቀስ ብለው። «እኔ አልናገርብህም።»

ጠዋት መኮንኑ ጣቴ ላይ አፈጠጠ። «ያ ሐበሺ» አለኝ፣ አንተ ሐበሻ ማለቱ ነው። «ዛሬም ቀጥ ነው?»

ትንሽ ጎበጥ ባደርጋት በሩ ክፍት ነበር። ግን ያቺ እጅ ሁለት ዓመት ተዘግታ በቢላ የተከፈተች ናት። ለሱ ብዬ እንዴት ልዝጋት? መዳፌን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ ጫን አልሁት።

«ቀጥ ነው ጀናቡ።»

ሌላ አርባ ቀን ታሰርሁባት። በኋላ እስረኛ ሲበዛባቸው እኔን አውጥተው ጣሉኝ። አባባ እዚያው ቀሩ።

ዘንድሮ ትንሿ ጣቴ መጉበጥ ጀምራለች። እስር ቤት ልትጠይቀኝ የመጣች ዘመድ ይመስል፣ ከወጣሁ በኋላ ደረሰች። ማጭድ ስይዝ ታስቸግረኛለች፤ ቢሆንም አሁንም ሳሉጉን እቀድማለሁ። ጠዋት ስነሳ መዳፌን መሬት ላይ አሳርፌ ጫን እላታለሁ። ማንም አላዘዘኝም።