ተኳሿ ሽሪምፕ

ጎረቤቴ ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከባሕሩ ዳርቻ ያገኘውን እንግዳ ነገር ሁሉ ለእኔ ነው የሚያመጣው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዛጎል። ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን በአንድ እጁ የባሕር ውሃ የሞላ ጀሪካን፣ በሌላው ባልዲ ይዞ ገባ።

«ቲቸር፣ ይሄ ነገር ተኩሶብኛል ወላሂ» አለኝ።

ሳቅኩበት። ባልዲው ውስጥ የባሕር ውሃና ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ሥር ከጣቴ አንጓ የማትበልጥ፣ ሽሪምፕ የሚሏት ባለቅርፊት የባሕር እንስሳ ነበረች። የአየር ፓምፕ ወዳለው አሮጌ የዓሣ ማሳደጊያ መስታወቴ ከነድንጋዩ ገለበጥናት፤ ከጀሪካኑም ውሃ ጨመርን። ጎንበስ ስል ጧ አለ። መስታወቱ የተሰነጠቀ መስሎኝ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ጨርቅ አንስቼ ጠረጴዛውን ብዳብሰው ደረቅ ነው።

«አላልኩሽም አቦ?» አለ።

ማጉያ መነጽር አመጣሁ። አምስት ጥንድ እግር አላት፤ እንግዲህ እንደ ሸርጣን ከባለ አስር እግሮቹ ወገን ናት። ለተማሪዎቼ የሽሪምፕ ዓይን በዘንግ ላይ ወጣ ያለ ነው እያልኩ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። የዚህች ዓይን የት አለ? ዕውር መሰለችኝ። ወደ ብርሃን ሳዞራት፣ የጀርባዋ ቅርፊት ወደ ፊት ተዘርግቶ ዓይኖቿን እንደ ቆብ ከድኗቸው፣ ከሥሩ ሁለት ጥቁር ነጥቦች አየሁ። ተኳሽ ሽሪምፖች የሚባለውን የዝርያ ቤተሰቧን ባለኝ የባሕር እንስሳት መጽሐፍ ውስጥ ያገኘሁት በዚህ ቆብና በቀኝ መቆንጠጫዋ ነው። የሰውነቷን ግማሽ ያህላል፤ የግራው ቀጭን ነው። ትልቁን በፍጥነት ስትዘጋው ውሃ ይወነጨፋል፤ በውሃው ውስጥ የሚፈጠረው አረፋ ሲፈርስ ያ ድምፅ ይወጣል።

በሳምንቱ ጥፋት ሠራሁ። ውሃ ልቀይር ብዬ ትልቁን መቆንጠጫ በወረንጦ ይዤ ሳነሳት፣ ክንዷ ከሥሩ ተነቅሎ ወረንጦው ላይ ቀረ። እሷ ተመልሳ ውሃው ውስጥ ወደቀች። ክንዱን የማስቀምጥበት ጠፋኝ።

ጎረቤቴ አዲስ የባሕር ውሃ ይዞልኝ ሲመጣ አሳየሁት። ወደ መስታወቱ ጎንበስ አለ።

«ትሞታለች?»

«እንጃ።»

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከነእግሯ ከነአንቴናዋ በጎኗ ተጋድማ አገኘኋት። እንባዬ መጣ። በማንኪያ ሳወጣት ክብደት የላትም፤ ጀርባዋ ተሰንጥቋል፣ ውስጧ ባዶ ነው። ያኔ ድንጋዩ ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። እሷው ናት፤ ቅርፊቷን ጥላ ወጥታለች። ክንዷ በተነቀለበት ቦታ ትንሽዬ መቆንጠጫ በቅሏል። ቀጭን የነበረው የግራው ግን ወፍሮ የተኳሹን መልክ ይዟል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ጎረቤቴን ጠራሁት።

«እጅ ቀየረች ማለት ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ። ውሰዳት፣ ወደ ቦታዋ መልሳት።»

በሚቀጥለው ጉዞው ወሰዳት። ከባሕሩ ዳር ደውሎ «ለቀቅኳት፤ ወዲያው ድንጋይ ሥር ገባች» አለኝ። ፓምፑን ነቀልኩና ቤቱ ጭር አለ።