ሰባት ፊርማ ያለው መመሪያ

ዙህራ የሲን በፒያሳ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው የመምህራን የብዝኃነት ማኅበር ጸሐፊ ናት። ማኅበሩ ሁለት ነገር ያወጣል፤ ለሕዝብ መግለጫ፣ ለኮሌጆች መመሪያ። ያወጣል የሚለው መተዳደሪያ ደንቡ ነው። ዙህራ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያየችው ትንሽ ይለያል።

ሰባቱ የቦርድ አባላት ሁሉም ካልፈረሙ ወረቀት ከበር አያልፍም። ሰባቱ ደግሞ የተመረጡት በምንም እንዳይመሳሰሉ ተብሎ ነው፤ ምርጫውም በሚገባ ተሳክቷል። ያለፈው ዓመት የመስቀል መልካም ምኞት የወጣው በገና ማግስት ነበር።

ዙህራ ይህን እንደ አየር ጠባይ ተቀብላ ኖራለች፤ እስከ ዘንድሮ ረመዳን ድረስ። ልጇ ኡሙሰልማ የነርስነት ትምህርቷን ለመጨረስ አንድ ፈተና ቀርቷታል። ኮሌጁ ፈተናውን ቅዳሜ ጠዋት አደረገው። ኢድ ጨረቃ ከታየች ዓርብ፣ ካልታየች ቅዳሜ ነው። የቀረ ተማሪ ዓመቱን ይደግማል የሚል ማስታወቂያም ተለጥፏል።

«ኡሚ፣ ማኅበራችሁ አንድ ነገር አይልም?» አለች ልጅቷ።

«ይላል። አንቺ ጡረታ ሳትወጪ ከደረሰ ነው።»

ማክሰኞ ቦርዱ ተሰበሰበ። የዙህራ ረቂቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ኮሌጆች ኢድ ሊውልባቸው በሚችሉት በሁለቱም ቀናት ፈተና እንዳይሰጡ የሚመክር። የኡሙሰልማን ስም አላነሳችም። ብታነሳ ስለ ጥቅም ግጭት ሌላ ስብሰባ ይጠራ ነበር።

«አንድ በዓል ብቻ ጠቅሰን ሌሎቹ ምን ይላሉ?» አሉ ዶክተር ወይኒ።

ፋሲካ ገባ። ኢሬቻ ገባ፣ ፍቼ ጫምባላላም ተከተለ። የትኛው ይቅደም በሚለው አንድ ሰዓት ስለሄደ ሁሉም ተሰርዘው «ልዩ ልዩ ክንውኖች» ተባሉ።

«ቀን መጥቀሱም አይታየኝም» አሉ መምህር አባይነህ። «ጨረቃዋ ራሷ ሳትወስን እኛ ቀድመን ከወሰንን ገለልተኝነታችን የታለ?»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ረቂቁ ሦስት ገጽ ሞላ። ኢድም ሆነ ፈተና የሚል ግን አንድም ቦታ አልነበረበትም።

«እትዬ ዙህራ፣ ግሩም መግለጫ ወጥቶታል» አሉ ሰብሳቢው ዶክተር ገብረአብ። «ሐሙስ ደግመን እናየዋለን።»

«ፈተናው እኮ ቅዳሜ ነው ዶክተር።»

«የቱ ፈተና?»

አባላቱ ሲወጡ ዙህራ ረቂቁን የምታስገባበት ባዶ ማህደር ፍለጋ የታችኛውን መሳቢያ ሳበች። እዚያ ውስጥ ራሷ ከሦስት ዓመት በፊት በኮምፒዩተር የጻፈችው መመሪያ ተኝቷል፤ በጨረቃ መታየት የሚወሰን በዓል ሊውልባቸው በሚችሉ ቀናት ሁሉ ፈተና አይሰጥ የሚል። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው። ፊርማ ቆጠረች፤ ሰባት። ያልተላከው፣ በማኅበሩ ልማድ መመሪያ፣ መውጣቱን ለሕዝብ የሚያበስር አብሳሪ መግለጫ ካልቀደመው ስለማይወጣ ነው። መግለጫው አራት ፊርማ ላይ እንደቆመ ተረስቷል።

መተዳደሪያ ደንቡን አውጥታ ከዳር እስከ ዳር አነበበች። ስለ አብሳሪ መግለጫ አንዲት ቃል የለም። ማኅተሙን እፍ አለችበትና መመሪያው ላይ መታች።

ረቡዕ ጠዋት ከሥላሴ ጀርባ ወዳለው የልጇ ኮሌጅ በእግሯ ወረደች። የመዝገብ ቤቱ ኪዳነማርያም ወረቀቱን ከመነጽሩ በላይ አየው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሦስት ዓመት አልፎታል።»

«ለኛ ማኅበር ትኩስ ነው። እዚህ ጋ ፈርምልኝ።»

ሐሙስ ቦርዱ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳለ ስልክ ጮኸ። የኮሌጁ ዲን ነበሩ። መመሪያው እንደደረሳቸው፣ ፈተናው ወደ ማክሰኞ እንደተዛወረ፣ ከማኅበሩ እንዲህ ያለ ግልጽ ጽሑፍ ደርሷቸው እንደማያውቅ ተናገሩ።

«የቱ መመሪያ?» አሉ ዶክተር ገብረአብ ስልኩን እንዳስቀመጡ።

ዙህራ ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሰባቱም አጎንብሰው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ፊርማ ፈለጉ፤ አገኙም።

«ማን ላከው?» አሉ ዶክተር ወይኒ።

«ማኅበሩ» አለች ዙህራ።

መምህር አባይነህ እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ለካ ጥሩ እንጽፋለን!»

ሰብሳቢው ተቃና ብለው ተቀመጡ። «ኮሌጁን በመግለጫ ማመስገን አለብን።»

«አንድ ኮሌጅ ብቻ አመስግነን ሌሎቹ ምን ይላሉ?» አሉ ዶክተር ወይኒ።

ዙህራ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ዶሮ ማነቂያ ወዳለው ቤቷ ወረደች። ጨረቃዋ ሐሙስ ማታ አልታየችም፤ ቅዳሜ ጠዋት እናትና ልጅ ስታዲየም ሰገዱ፣ ማክሰኞ ኡሙሰልማ ተፈተነች፣ አለፈችም። ሥራ በጀመረችበት ሳምንት የምስጋናው መግለጫ አምስት ፊርማ ላይ ደርሶ ነበር።