በአውሮፕላን ሜዳው ታሪክ ላይ የዋሸሁት

ይህን ነገር ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። አንባቢ ሆይ፣ ታግሰህ ስማኝ፤ ከሰማኸኝ በኋላ ፍረድ።

ከዳንግላ ወጣ ብሎ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያሠራው የአውሮፕላን ሜዳ አለ። ዛሬ ከብት ይግጥበታል። ወጣት መምህር ሳለሁ የሜዳውን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ለማሳተም ኮሚቴ ተቋቋመ። የገጠሩ ሽማግሌዎች የሚናገሩት በአዊኛ ስለነበር እኔን አስተርጓሚ አደረጉኝ።

እማማ የዝና ዘንድም ሄድን። አባታቸው የሞቱት ሜዳው ሲሠራ ነው። በዚህ ምክንያት ሰፈሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ «የባንዳ ልጅ» ሲላቸው ኖሯል። ያን ቀን ግን ጠያቂ አገኙ።

«አባቴ ባንዳ አልነበረም» አሉ በአዊኛ። «ጭቃ ሹሙ አስሮ ለጣሊያን ሰጠው። ድንጋይ ሲያስለቅሙት ሊያመልጥ ሲሮጥ በጥይት ጣሉት። እኔ እያየሁ!»

ጭቃ ሹሙ አያቴ ነው። እማማ የዝናም ይህን ያውቃሉ። ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አይክፋህ ልጄ፣ አያቱን የሚመርጥ የለም። አንተ ብቻ ያልኩትን ንገርልኝ።»

የኮሚቴው ጸሐፊ ብዕሩን ይዞ «ምን አሉ?» አለኝ።

እኔስ ምን አልኩ? «አባቴ ለጣሊያን አድሮ ሜዳውን ሲያሠራ ሞተ ነው የሚሉት» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ? ማንም። የአያቴ ስም በአገሩ በክብር ይነሳ ነበር፤ እሱን ያዳንኩ መሰለኝ። ሙት ለማክበር ሕያው ማዋረድ ምን ይባላል? ያውም ያጽናኑኝን ሴት!

እማማ የዝና አማርኛ አይሰሙም። ጸሐፊው ሲጽፍ አይተው ደስ አላቸውና እጄን ይዘው ሳሙኝ። እኔም ዝም ብዬ ተሳምኩ።

መጽሐፉ ታተመ። የሰፈር ሐሜት የነበረው በእኔ ምላስ ታሪክ ሆነ። እኔ ወደ እንጅባራ ተዛወርኩ፣ አስተማርኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። እርሳቸው አረፉ። ለቅሷቸው ላይ እንኳ ለመቆም ድፍረት አጣሁ።

ዘንድሮ በሁዳዴ ልጃቸውን ስመኝን ፈልጌ ዳንግላ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት።

«መጽሐፉን አንብቤዋለሁ» አለችኝ። «እናቴ ‹የአባቴን ታሪክ አንብቢልኝ› ስትለኝ ገጹን እገልጥና እሷ የነገረችኝን እልላት ነበር። ‹አዎ፣ እንዲያ ነው ያልኩት› ትል ነበር። የእርስዎን ውሸት ሳትሰማ ነው የሞተችው።»

ያለቀስኩት ያኔ ነው። ግን ይህ የስመኝ ደግነት ነው፤ የእኔ ማምለጫ አይደለም። እሷ ስንት ዓመት ብቻዋን ተሸከመችው? ይቅርታ ስለምናት፣ «እኔን ተዉኝ፤ ለሰፈሩ ይናገሩ» አለችኝ።

እናገራለሁ። የእማማ የዝና አባት ፈንታ ይባላሉ። ባንዳ አልነበሩም። አያቴ አስሮ ሰጣቸው፤ እኔ ደግሞ ስማቸውን ገደልኩ።