የእትዬ ዘምዘም ጥርስና ያልተጻፈው ምክንያት

በቀደም ዕለት አንዱ ጎረቤቴ «ሥርጉት፣ ያንቺ ሥራ እኮ ቀላል ነው፤ ቁጥር መጻፍ ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ። ከሸዋ በር አለፍ ብሎ ባለ የጥርስ ክሊኒክ ምድር ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሐኪም የጻፈውን በሽታ ወደ ኮድ እቀይራለሁ። ኢንሹራንስ የሚከፍለው ኮዱን አይቶ ነው። እኔ አንዲት ቁጥር ስሳሳት ሰው ምን እንደሚሆን ልንገራችሁና ከዚያ ቀላል በሉኝ።

እትዬ ዘምዘም ጀጎል ግንብ ውስጥ የሚኖሩ የሣር ስፌት ሰፊ ናቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳ ስምንት ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በዚህችው ሙያ ሦስት ሴት ልጆች አሳድገው ድረዋል። የሙሽራ ቤት ግድግዳው በስፌት ካልደመቀ ምኑን የሙሽራ ቤት ሆነ? እሳቸው የሰፉት ደግሞ ከሩቅ ይታወቃል። ያላየ ሰው ስፌት የእጅ ሥራ ብቻ ይመስለዋል። እሳቸው ግን የስፌት ሣሯን፣ የአክርማዋን አንድ ጫፍ በፊት ጥርሳቸው ነክሰው፣ ሌላውን በጥፍራቸው ይዘው ሲሰነጥቋት እንደ ክር ቀጥ ብላ ትወጣለች። በምላጭ የሚሰነጥቁም አሉ። እሳቸው «የምላጭ ይሻክራል» ብለው ይንቁታል።

አምና ጥቅምት ላይ ሣር ሊገዙ ሶፊ ገጠር ሄደው ሲመለሱ፣ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። አፋቸው ከፊታቸው ካለው የወንበር ብረት ጋር ተላተመ። የፊት ጥርሶቻቸው እዚያው ረገፉ። መንጋጋቸው ተሰብሮ ስለነበር የቀሩትንም የክሊኒካችን ሐኪም፣ ዶክተር ዳዊት፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ በአንድ ነቀላቸው። አንድ እንኳ አልተረፈም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካልተሠራላቸው አክርማ መሰንጠቅ የለም፤ አክርማ ካልሰነጠቁ ደግሞ እንጀራቸው ተዘጋ ማለት ነው። ደግነቱ በመኪና አደጋ ለጠፋ ጥርስ የሚኒባሱ ኢንሹራንስ ይከፍላል።

አሁን የኮዱን ነገር ስሙኝ። ጥርሱ በሙሉ ለጠፋ ሰው ኮዱ እንደ ምክንያቱ ይለያያል። የአደጋ ለብቻው ነው፣ የድድ በሽታ ለብቻው ነው፣ ምክንያቱ ያልተገለጸም ለብቻው አለው። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ቁጥር ናት። ዶክተር ዳዊት ካርዱ ላይ የጻፈው «ጥርስ በሙሉ የለም» ብቻ ነው። ይኸው ነው! ሦስት ሳምንት ሙሉ በገዛ እጁ ሲነቅል ከርሞ፣ ለምን እንደነቀለ መጻፍ ከበደው። ሐኪም ያልጻፈውን እኔ መጻፍ አልችልም፣ ደንብ ነው። መጠየቅ ግን እችላለሁ። እሱ ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ አሥራ ሁለት ደረጃ ቢሆን ነው። አርብ ከሰዓት ነበር፣ የሳምንቱን ፋይል መዝጋት ነበረብኝ፣ ደክሞኛል። «ምክንያቱ ያልተገለጸ» የሚለውን ኮድ ጻፍኩና ላክሁት።

ኢንሹራንሱ ጀይላን የሚባል መርማሪ ላከ። እሱ በመጣበት ቀን እትዬ ዘምዘም ስላከምናቸው ሊያመሰግኑን መጥተው ነበር። እዚህ አገር ውለታ ወደዋለ ሰው ባዶ እጅ አይኬድም፤ አንድ ዙርባ ጫት ገዝተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ራሳቸው ግን በዕድሜያቸው ቅመው አያውቁም፤ ጀጎል በሙሉ ያውቃል። ጀይላን «ማሻአላህ!» አለና እጁን ሰደደ። ይቅመስ፣ ምን ችግር አለው! ጉንጩን ወጥሮ ፎርሙን እየሞላ «እማ፣ የጫት ሰው ነዎት ለካ» አላቸው። ጋባዥ «እኔ እንኳ አልቅምም» ብሎ እንግዳውን እንዴት ያሳፍራል? አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈን አድርገው «አልሐምዱሊላህ፣ አንተ ተጫወት ልጄ» አሉት።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። «የጥርሱ መጥፋት ምክንያት አልተገለጸም። ታካሚዋ ጫት ቃሚ በመሆናቸው ከድድ በሽታ የመጣ ነው። ክፍያው ውድቅ ተደርጓል። ቅሬታ ካለ የተነቀሉት ጥርሶች ለምርመራ ይቅረቡ» ይላል። ዓይን አውጣ! የሳቸውን ጫት ጉንጩ ውስጥ ወትፎ እኮ ነው የጻፈባቸው!

ደውዬ ስነግራቸው «ጥርሶቼን እኮ ከዶክተሩ ተቀብዬ ቀብሬያቸዋለሁ» አሉኝ። በሃይማኖታቸው ከሰው የተለየ አካል አይጣልም፣ ይቀበራል። ግቢያቸው ውስጥ ከግንቡ ሥር ነው የቀበሩት። «እንዳይነኳቸው፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው። ያን አሥራ ሁለት ደረጃ ያን ጊዜ ወጣሁት፤ አሁን ምን ያደርጋል! ዶክተር ዳዊት ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የጠየቁት ጥርሱን አይደል? ያምጡላቸዋ! ከኢንሹራንስ ጋር ስከራከር አልውልም» አለኝ። ይህንኑ ለእትዬ ዘምዘም ደውዬ ነገርኳቸው።

ሐሙስ ዕለት ጀይላን ለሌላ ፋይል መጥቶ ከፊቴ ተቀምጧል። እትዬ ዘምዘም ገቡ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ከብብታቸው ሥር ነጭ ጨርቅ አወጡና ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ጥርሶቻቸው ናቸው፣ አፈር እንደያዙ። ሁለት ሦስቱ ከወገባቸው ተሰብረዋል። አፈሩ በለቀቀበት በኩል ነጭ ናቸው፣ እንደ ወተት።

«ጫቱ የቱ ጋ ነው ልጄ? አሳየኝ» አሉት።

ጀይላን ብድግ አለ። «አስተግፊሩላህ» አለ። እኔ እንደ እብድ ጮኼ ዶክተሩን አስጠራሁት፤ ወረደ፣ ጨርቁን አየ፣ ፊቱ ጠቆረ። እስክሪቢቶ ሰጠሁት። ካርዱ ላይ «በመኪና አደጋ» ብሎ ጻፈ። ሁለት ቃል! ደቂቃ አልፈጀበትም። ጀይላንም «ይከፈላል» ብሎ ፈረመ።

እትዬ ዘምዘም ካርዱን አይተው «ይኼን ያኔ መጻፍ አይቻልም ነበር?» አሉ።

ዶክተሩ ስልኩን ማየት ጀመረ።

«ይቻል ነበር» አልኳቸው። «ብጠይቀው ኖሮ ይጽፈው ነበር። አልጠየቅኩትም፤ ደክሞኝ ነበር።»

እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር። አልሰደቡኝም። ጥርሶቻቸውን እየለቀሙ ጨርቁን ቋጠሩ።

«ተነሽ» አሉኝ። «የገዛ አካሌን ከአፈር ሳወጣ ብቻዬን ነበርኩ። ስመልሰው አንቺ ትቆፍሪያለሽ።»

ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ ተከተልኳቸው። ያን ሁሉ ጠባብ መንገድ ስንሄድ አንዴም ዞር ብለው አላዩኝም። ግንቡ ሥር ተንበርክኬ ቆፈርኩ፤ ጉድጓዱ እስከ ክንዴ ሲደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ጨምሪ» አሉኝ። «ነገ ደግሞ ሌላ ማስረጃ ቢሉኝ እጄ እንዳይደርስበት።»