የአራት በሮች ካርታ

ገመድ ይዞ መለካት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ጫፉን ይዞ ይቆማል፣ ሌላው እየዘረጋ ይሄዳል። ተማሪዎቼን እንዲህ ነበር ያስተማርኳቸው። ነጌሌ በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት ግን (ክረምት ይባል እንጂ ዝናብ የለውም) ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሁሉም ወደ ከብቶቻቸው ወደ ሊበን ሜዳ ሄደው ነበር። ስለዚህ ጫፉን ከድንጋይ ጋር አስሬ እዘረጋለሁ፤ ተመልሼ እፈታለሁ፤ እንደገና አስራለሁ።

የምለካው ከከተማው በላይ ያለውን ጉብታ የከበበ የድንጋይ ካብ ነው። በታሪክ መጽሐፋችን ላይ የአንድ ጥንታዊ የሮማ ከተማ ንድፍ ነበር፦ አራት ማዕዘን ቅጥር፣ በየጎኑ አንድ በር። ከተማው ሲያድግ ከቅጥሩ የወጣው በበሮቹ በኩል ነው። የእኔም ካብ አራት ጎንና አራት ክፍተት ነበረው። ጭቃም ኖራም ስላልገባበት የጥንት ነው አልኩ። በሳልኩት ካርታ ክፍተቶቹ ላይ በቀይ እርሳስ «በር» ብዬ ጻፍኩ፤ አዲስ አበባ ስለ ጥንት ነገር ለሚያጠኑ ሰዎችም ደብዳቤ አዘጋጀሁ። ምስጋና ፈልጌ አልነበረም። አንድ ሰው በጭነት መኪና መጥቶ፣ አብሮኝ ጉብታው ላይ ወጥቶ፣ «እዚህ ጋ ምን ነበር?» ብሎ እንዲጠይቀኝ ነው። ከገባሁ ጀምሮ «አካም፣ ናጋ» ብሎ ሰላም ከመባባል ያለፈ ወሬ ከማንም ጋር አልነበረኝም።

ካርታውን ደጃፍ ላይ ዘርግቼ ሳለ ቤት ያከራዩኝ እትዬ፣ የወታደር ሚስት የነበሩ፣ አጎንብሰው አዩት።

«እነዚህ ቀያዮቹ ምንድን ናቸው?»

«በሮች ናቸው እትዬ። ጥንት ሰው የሚገባባቸው።»

«የምን በር አመጣህብኝ! ይሄኛው የኔ ቤት ነው።»

ቀና ብዬ የቤታቸውን የድንጋይ ግድግዳ አየሁ።

«ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጣሊያን እንደወጣ ድንጋዩን በአህያ አጋዘው። ያኛውን ጎረቤታችን ለወፍጮ ቤቱ ወሰደ። ካቡን ያስካበው ራሱ ጣሊያን ነው፤ የካቡት ሰዎች ዛሬም ገበያ ይውላሉ። አንተ ልጅ፣ ሰው አትጠይቅም እንዴ?»

ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር። እንዳለ ብልከው ምናልባት የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ግን ተማሪዎቼን «ያላረጋገጣችሁትን አትጻፉ» የምል እኔ ነኝ። በሮቹን ፋቅኳቸው፤ ቀይ እርሳስ ስለማይለቅ ወረቀቱ ሳሳ። በምትኩ የካቡ ድንጋይ የሄደባቸውን ቤቶች መሠረት ለክቼ አዲስ ደብዳቤ ላክሁ። መልስም፣ ሰውም አልመጣም።

መጀመሪያ የለካሁት የእትዬን ቤት ነው።

«ይህችን ጫፍ ይያዙልኝ?»

ያዙልኝ። ቅጥር እንዴት ቤት እንደሚሆን፣ ከተማም በዚያ እንዴት እንደሚያድግ እያስረዳሁ ማዕዘኑን ዞርኩ።

«ውይ ወጤ!» አሉና ወደ ውስጥ ሮጡ።

ተመልሼ ጫፉን ከበሩ መቃን ጋር አሰርኩት።