የባዶው ጠርሙስ ባለቤት

ሆሳዕና ከተማ፣ ገበያ መውረጃው ላይ ውሃና ለስላሳ በጅምላ እሸጣለሁ። ከሱቄ ዝቅ ብሎ፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ በሚታጠፍበት ላይ፣ ቆጮ የምትሸጥ ሴት አለች። ለዓመታት በሰላም ኖረናል፤ እኔ ከላይ፣ እሷ ከታች።

አምና ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጣለ። ቦዩ በባዶ ፕላስቲክ ተደፍኖ ኖሮ ጎርፉ በሯን ጥሶ ገባ፤ የሳምንቱ ቆጮዋ ጭቃ ጠጣ። በማግስቱ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ባዶ ጠርሙስ ተሸክማ መጣችና ሱቄ በር ላይ ዘረገፈችው። ይህች ሴት ስትቆጣ በሀዲይኛ ትጀምርና ሰፈሩ በሙሉ እንዲሰማት በአማርኛ ትጨርሳለች።

«ዕቃህን መልሼልሃለሁ!»

«እትዬ፣ እኔ የሸጥኩት ውሃውን ነው። የጠጣውን ሰው ጠይቂ።»

«እኔም ቆጮ በኮባ ጠቅልዬ እሸጣለሁ። የኔን ኮባ ላም ትበላዋለች። ያንተን ማን ይብላው? ጎርፉ አንድ ጊዜ ደግሞ ይግባብኝና ቤቱን ለቅቄ ወደ ጃጁራ ከተማ እሄዳለሁ። በኔ ቦታ ማን እንደሚገባ ያን ጊዜ ታያለህ!»

ማን እንደሚገባማ አውቃለሁ። እንደ እኔ ውሃ የሚያከፋፍል አንድ ሰውዬ ቦታውን ሲያሸት ከርሟል። ነጋዴ ደግሞ ማሰብ የሚጀምረው ሲነካ ነው።

ሳስብ ዕለት ዕለት የማየው ነገር ታየኝ። ውሃ የሚያመጣልኝ መኪና ከአዲስ አበባ ሞልቶ ይመጣል፣ ባዶውን ይመለሳል። እዚያ ፕላስቲክ ገዝተው የሚፈጩ ሰዎች አሉ። የሚከፍሉት ግን የጫኙን ዋጋ እንኳ አይሸፍንም። የጎደለውን ማን ይቻለው? ያተረፈበት ሁሉ፣ እንደ አቅሙ።

ሾፌሩ ሳቀብኝ። «እኔ ቆሻሻ አመላላሽ ነኝ እንዴ ጋሼ?»

«አሁን የምትመልሰው አየር ነው። አየር የሚገዛህ አለ?»

«ውሃውን የሚልክልህ ወኪል አይፈቅድም።»

«ለወኪሉ እንዲህ በለው፤ ባዶ ጠርሙስ ይዞ የማይመለስ መኪና እኔ በር ላይ አይራገፍም።»

ወኪሉ ትንሽ ከኮራ በኋላ ተስማማ። ማጓጓዣው በሱ፣ ማዳበሪያውና ጫኙ በኔ፣ መሰብሰቡና መጨፍለቁ በደንበኞቼ ሆነ። ለደንበኞቼም አዲስ ሕግ አላወጣሁም። ለስላሳ በብርጭቆ ጠርሙስ ብቻ በነበረበት ጊዜ ባዶ ሳጥን ያልያዘ ሰው ሙሉ ይዞ አይሄድም ነበር፤ ያንኑ ነው የመለስኩት። አንድ ባለሆቴል «የጠጣው እንግዳዬ፣ እኔ ምን አገባኝ?» ብሎ ወደ ሌላ ሱቅ ዞረ። ሌላው ሱቅ ግን ዕቃ ደጅ ድረስ አያደርስም። ባለሆቴሉ ብዙ ሳይቆይ ባዶውን በባጃጅ አስጭኖ መጣ። ትንሽ ብቻ ነው የሳቅኩበት።

ዘንድሮ ያ ዝናብ ተመልሶ መጣ። ከሱቄ በር ቆሜ ቦዩን ተከታተልኩት። ቀዩ ጎርፍ እያጓራ እሷ በር ላይ ደረሰ፤ ታጠፈ፤ ወረደ።

ካባራ በኋላ ወደ እኔ ስትወጣ አስቀድሜ ያየሁት እጇን ነው። ማዳበሪያ አልያዘችም።

«ውሃ ስጠኝ።»

እዚያው ቆማ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ከዚያ ጠርሙሱን በመዳፏ ጨፍልቃ ባንኮኒዬ ላይ አኖረችና «ይሄ ያንተ ነው» ብላኝ ወደ ቆጮዋ ወረደች።

የውሃውን ሒሳብ አልከፈለችም። የዚያን ዕለት እኔም አልጠየቅኋትም።