ጋሼ ጨው እና የምራቱ ሾርባ

በሳሙና ፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ዕድሜ ልኩን ያበሰለውን ሰውዬ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ትልቁም ትንሹም «ጋሼ ጨው» ነበር የሚለው። ቅጽል ስሙን ያተረፈው ከራሱ አፍ ነው፤ «ለምግብ ጨው ይበቃዋል፤ የቀረው የሰነፍ ጌጥ ነው» ይል ነበር። ድንቹ፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ከሥጋ ጋር የተቀቀለው ሩዝ ዓመት ከዓመት አይለወጡም። ሠራተኛው እያማረረም ቢሆን ሳህኑን ጠርጎ ይበላለት ነበርና ከዚህ በላይ ምስክር አልፈለገም። ሰው ቤት ሲጋበዝ እንኳ የማያውቀው ነገር ከቀረበ እጁን አይዘረጋም። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብሎ ውኃ ጠጥቶ ይነሣል።

ቤት ውስጥም የሚያበስለው እሱ ነበር። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል ምግቡ ቀርቦ ይጠብቃታል። ጎረቤቶቿ «አንቺስ ታድለሽ!» ሲሏት፣ «ታድዬማ! የዛሬ ዓመት የምበላውን ከዛሬው አውቀዋለሁ» ብላ ታስቃቸዋለች።

አንድ ልጃቸው መርከብ ላይ ሲሠራ ቆይቶ ከሩቅ አገር ሚስት ይዞ መጣ። ልጅቷ ሰው አክባሪ ናት፤ ቋንቋውንም ቶሎ ለመደች። ገና እንደመጣች ታዲያ አማቶቿን ላስደስት ብላ ያገሯን ምግብ ሠራች፤ የዓሣ ጭንቅላት ያለበት፣ በደረቀ ጥቁር ፍሬ የኮመጠጠ፣ የሚያቃጥል ሾርባ። ሽታው ከጓሮ አልፎ መንገድ ወጣ። ጋሼ ጨው ሳህኑን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገና፣ «ይሄ ዓሣ ከሞተ ስንት ጊዜው ነው?» አለ። ልጁ ደነገጠ። ምራቱ ሳቀች፤ ከዚያ የባሏን ፊት አየችና ሳህኑን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ያ ምግብ ባማራት ቁጥር ጓሮ ወጥታ በከሰል ምድጃ ለብቻዋ ታበስላለች። አማቷ ብቻ መርፌዋን ልብሷ ላይ ሰክታ አጠገቧ ትቀመጥና «እስቲ ትንሽ አቅምሺኝ» ትላታለች።

ብዙም ሳይቆይ የጋሼ ጨውን ሚስት ሆዷን ያማት ጀመር። ክፉው በሽታ መሆኑ ተነገራቸው። መድኃኒቱ ጠጉሯንም የአፏንም ጣዕም ይዞት ሄደ። «ሁሉ ነገር ብረት ብረት ይለኛል» ትላለች። ጋሼ ጨው ክበቡን ለረዳቱ ትቶ ቤቱ ምድጃ ሥር ተተከለ። ድንቹን አላመው፣ መረቁን አቀጠነው፣ ሩዙን እንደ ሕፃን ምግብ ፈጨው። ማንኪያው አፏ ደርሶ ይመለሳል። «አንተዬ፣ አትቀየመኝ፤ አልወርድ አለኝ።»

አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ አገኛት። ምራቷ ጎድጓዳ ሳህን ይዛላታለች፤ እሷ ግንባሯ ላብ አውጥቶ ያንን የጓሮ ሾርባ ትምገዋለች። ዓይኗ በርቷል።

«ና እስቲ!» አለችው፤ «አፌ ነቃ! ኮምጣጣው ይሰማኛል።»

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ከሌላ ወንድ ጋር ያገኛት ያህል ደሙ ፈላ። አንድ ፋብሪካ ሙሉ ሰው ያጠገበ እጁ የገዛ ሚስቱን ማጉረስ አቅቶት፣ ትናንት የመጣች ልጅ በዓሣ ጭንቅላት በለጠችው። የገዛውን ጥሎ ወጣ። በማግስቱ መድኃኒት ሊያመጣ ሐኪም ቤት ደርሶ ሲመለስ ምራቱን በር ላይ ጠራትና፣ «ሐኪሙ ኮምጣጣና የሚያቃጥል ነገር ከልክሏል። አንጀቷን ይቆርጠዋል ብሏል። ሁለተኛ እንዳትሰጪያት» አላት። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ቃል አልወጣውም፤ ያን ቀን ጭራሽ አላገኘውም።

ምራቲቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ ነኝ የጎዳኋት?»

«ባታውቂ ነው፤ ምን ታደርጊ» አላት። በለሰለሰ አንደበት ሲያናግራት ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሾርባው ቀረ። እሱ ማብሰሉን ቀጠለ፤ ሚስቱም ፊቷን ማዞሯን። አንገቷ ቀጠነ፤ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ አስቸገረ። ወደ መርከብ ሥራው ተመልሶ የነበረው ልጁ ሲመጣ እናቱን ታቅፎ ሐኪም ቤት ወሰዳት። እንደተመለሱ ማድቤት ገብቶ በሩን ዘጋ።

«አባዬ፣ ኮምጣጣ ማነው የከለከላት?»

ጋሼ ጨው ሽንኩርት መክተፉን አላቆመም።

«ሐኪሙን ጠየቅሁት። ‹የወረደላትን ሁሉ ስጧት› ነው ያለኝ። ማነው የከለከላት?»

«ለእሷው ብዬ ነው።»

«ለእሷ? በረሃብ ጨረስካት እኮ!»

ምራቲቱ የዚያኑ ዕለት ከሰሏን አቀጣጠለች። ግን ነገሩ ከረፈደ በኋላ ሆነ። በሽተኛይቱ ሁለቴ ተጎንጭታ የቀረው በከንፈሯ ዳር ፈሰሰ።

ሰው ሲወጣ ጋሼ ጨው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ዋሽቼ ነው» አላት። «ሐኪሙ ምንም አላለም።»

«አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ቀኑን ሙሉ ምድጃ ሥር ቆመህ ስትውል እያየሁ ምን ልበልህ? የሷን ስጡኝ ብል ሐሞትህ የሚፈስ መሰለኝ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ግን ርቦኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ በጣም ርቦኝ ነበር።»

ሳምንት ሳይሞላት ዐረፈች።

ልጁ ከቀብር በኋላ ካባቱ ጋር አልተነጋገረም። ወደ ሚስቱ አገር ሊሄዱ ዕቃ ማሰር ጀመሩ። ጋሼ ጨው ምራቱን ጓሮ አገኛትና፣ «ያንን ሾርባ ሥሪልኝ» አላት። ቆማ አየችውና ወደ ምድጃዋ ሄደች።

በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ፍሬውን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፋ ስታሸው፣ የዓሣውን ጭንቅላት በጨው አሽታ ስታጥብ አየ።

«ጭንቅላቱን ምነው?»

«ሥጋውን ነጋዴ ይወስደዋላ። እናቴ ወደብ ላይ ዓሣ ታጸዳ ነበር፤ የሚጣለውን ሰብስባ ትመጣለች። የቆየ መሆኑ እንዳይታወቅ ነው የሚኮመጥጠው።» ቀና አለች። «‹ከሞተ ስንት ጊዜው ነው› ብለውኝ አልነበር? እናቴም እንደዚያ እያለች ነበር የምትቀልደው። ለዚያ ነው የሳቅሁት።»

እናት እንዳላት እንኳ እስከዛሬ ጠይቋት አያውቅም ነበር።

ቀመሰ። ኮምጣጣው መንጋጋውን ያዘው፤ የዓሣው ሽታ አፍንጫው ድረስ ወጣ።

«እንዴት ነው?»

«አልጣመኝም» አላት፤ መዋሸት አልሆነለትም።

«የእርስዎም አይጥመኝም ነበር» አለች፣ ያለ ቁጣ። «እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በውኃ እያወራረድኩ ነው የበላሁት።»

አቀርቅሮ የያዘውን እስከ መጨረሻው ጠጣ።

ሄዱ። ልጁ በር ላይ እጁን ጨበጠው፤ ዓይኑን ግን አላየውም። ጋሼ ጨው ክበቡ ተመልሶ ድንቹንና ምስሩን ያበስላል፤ ሠራተኛው የተለወጠ ነገር አላየበትም። ቤቱ ሲገባ አንዳንዴ ሾርባዋን በጥቁሩ ፍሬ ፈንታ በሎሚ ይሞክራል። እንደሷ አይሆንለትም፤ ቢሆንለትም አይወደውም፤ ግን ይበላዋል።

ምራቱ አልፎ አልፎ ትደውላለች። «ምን በሉ ዛሬ?» ትለዋለች። ይነግራታል። እሱም በተራው እዚያ ምን እንደበሉ ይጠይቃታል፤ የምግቡን ስም ደጋግማ ትነግረዋለች፤ ምላሱ አልይዝ ይለዋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አጠገብሽ አለ?» ይላታል።

«የለም፤ ሥራ ላይ ነው» ትለዋለች። የልጁ ሳል ግን በስልኩ ውስጥ ይሰማዋል።